ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ቻክማዎችና ስለ መሬታቸው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ስለ ቻክማ ሕዝብ ሳወራሽ «እማዬ፣ ካርታ ከሌላቸው መሬቱ የእነሱ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አልሽኝ። የሕግ ተማሪ ነሽና መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፍልሽ።

ቻክማዎች በብዛት የሚኖሩት በደቡብ ምሥራቅ ባንግላዴሽ፣ ሕንድንና ምያንማርን በሚያዋስነው የቺታጎንግ ኮረብታማ ምድር ነው። የቡድሃ እምነት ተከታዮች ናቸው። ከጥንት ጀምሮ «ጁም» በሚሉት እርሻ ይተዳደራሉ። የኮረብታውን ጎን መንጥረው ያቃጥሉና ሩዙን፣ ጥጡን፣ ሰሊጡን ቀላቅለው ይዘሩበታል። ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ መሬቱ እንዲያገግም ለዓመታት ይተዉታል። ለእንግዳ ሰው ጠፍ መሬት ይመስላል። የመንደሩ ሰው ግን ማን የት እንደሚዘራ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የመንደሩ አለቃም ያውቃል። ማስረጃቸው ይኸው ነው።

እንግሊዞች አካባቢውን በ1860 ያዙት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በ1900 ያወጡት ደንብ የውጭ ሰው እንዳይሰፍርበት ገደብ ጣለ። መሬቱን ግን የመንግሥት አደረገው። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስላልነበረ፣ ከሕንድ ጋር የሚሆን መስሏቸው ራንጋማቲ በምትባለው ከተማቸው የሕንድን ባንዲራ ሰቀሉ። ከሁለት ቀን በኋላ የፓኪስታን መሆናቸው ታወጀ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የካፕታይ ግድብ ነው። ፓኪስታን መብራት ለማመንጨት የካርናፉሊን ወንዝ ገደበች፤ ግድቡ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አለቀ። ውሃው 54,000 ኤከር መሬት ዋጠ። ይህ በአካባቢው ከሚታረሰው ጥሩ መሬት 40 ከመቶ ያህሉ ነው። 100 ሺህ የሚሆን ሰው ተፈናቀለ፤ አብዛኛው ቻክማ ነበር። የንጉሣቸው ቤተ መንግሥት ሳይቀር ሰጠመ። ካሳ ሲከፈል የጁም ገበሬው ወረቀት ስለሌለው ተገፋ። ልጄ፣ አንቺ የጠየቅሽኝን ጥያቄ ያኔ ሹማምንቱ ጠይቀውታል። ሰዉ ያጣው መሬት በዓይን እየታየ ወረቀት አምጣ ማለት ፍትሕ አይደለም።

40 ሺህ ያህሉ ድንበር ተሻግረው ሕንድ ገቡ። ይህንን ስደት «ቦር ፖሮንግ» ይሉታል። ብዙዎቹ አሩናቻል ፕራዴሽ በሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ግዛት እንዲሰፍሩ ተደረገ። ልጅም የልጅ ልጅም እዚያ ወለዱ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996ም በ2015ም የዜግነት ጉዳያቸው እንዲፈጸም ወስኗል። ዛሬም ብዙዎቹ እየጠበቁ ነው።

በ1971 ከፓኪስታን ተለይታ ነፃ በወጣችው በባንግላዴሽ የቀሩትም አልተረፉም። ቻክማው የምክር ቤት አባል ማናበንድራ ናራያን ላርማ በ1972 ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ምክር ቤት ውስጥ ተነስቶ «እኛ ቤንጋሊ አይደለንም» ብሎ ተከራከረ፤ ሰሚ አላገኘም። ከ1979 ጀምሮ መንግሥት 400 ሺህ ያህል ሰው ከሜዳው አምጥቶ ኮረብታው ላይ አሰፈረ። ሰፋሪዎቹ መሬት ያልነበራቸው ድሆች ናቸው፤ እነሱን አልወቅስም። ግን ከጁም እርሻ በኋላ እንዲያርፍ በተተወው መሬት ላይ የመንግሥት ወረቀት ተሰጣቸው። የኮረብታው ሰዎች ከመንግሥት ጋር የገጠሙት የትጥቅ ትግልም በረታ፤ ሰው አለቀ፣ መንደር ተቃጠለ።

በታኅሣሥ 1997 የሰላም ስምምነት ተፈረመ። የመሬት ክርክር የሚያይ ኮሚሽን በ2001 በሕግ ተደነገገ፤ ሕጉም በ2016 ተሻሻለ። ሕጉ ራሱ ክርክሩ በአካባቢው ልማድም ጭምር ይታይ ይላል። የመንደሩ ሰው የሚያውቀው ነገር በሕግም ቦታ አለው ማለት ነው። ሥራው ግን እስካሁን ወደፊት አልሄደም፤ አቤቱታው ተከምሮ ቀርቷል።

አሁን ተራው የእኔ ነው፣ ልጠይቅሽ። ልማድ በፍርድ ቤት የሚረጋገጠው እንዴት ነው? በሽማግሌ ምስክር ብቻ ነው ወይስ ሌላ መንገድ አለ? መምህርሽንም ጠይቂልኝና ጻፊልኝ።

እናትሽ