አዲስ ተብሎ ተመልሶ ስለተላከልኝ የጠመንጃ ቴሌስኮፕ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ቃል የተገባልኝ ምትክ ስላልተሰጠኝ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

የተስተካከለበትን ዒላማ አልይዝ ስላለው ቴሌስኮፕ የትዕዛዜ ቁጥርም ሆነ ከዚህ በፊት የጻፍኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች በእጃችሁ ስለሚገኙ ነገሩን ከሥሩ በመድገም ጊዜያችሁን አላባክንም፤ የእኔ ጊዜ ግን ከበቂ በላይ ባክኗል። ይህን አራተኛ ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ሐሙስ የደረሰኝ ጥቅል ነው።

ጥቅሉ ከመድረሱ ዘጠኝ ቀን በፊት አንድ ሠራተኛችሁ ደውለውልኝ ነበር። ያሉኝን ቃል እየሰማሁ በማስታወሻዬ ስለጻፍሁት እንዳለ አቀርበዋለሁ፦ «የተበላሸውን መልሰን አንልክልዎትም፤ ከመጋዘን ያልተከፈተ አዲስ እንልካለን።» ከዚህ ቀደም በተደጋጋሚ ስለተታለልሁ «ተጠግኖ ነው ወይስ አዲስ?» ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። በሁለተኛው ጊዜ ትንሽ መሰልቸት በተሰማበት ድምፅ «አዲስ ነው አልኩዎት እኮ» አሉኝ። እኔም አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

የመጣው ካርቶን በእርግጥም አዲስ ነበር። በውስጡ ያለው ቴሌስኮፕ ግን የራሴው ነው። የመለያ ቁጥሩ በደረሰኜ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ቴሌስኮፑን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ በቱቦው ላይ የተወው ጭረት በቦታው አለ፤ በከፍታ ማስተካከያው ክዳን ሥር እኔው በነጭ ቀለም ያኖርኋት ነጥብ እንኳ አልጠፋችም። የተለወጠ ነገር ቢኖር ሌንሱ መወልወሉና «ተፈትሿል፤ ችግር አልተገኘበትም» የሚል ቁራጭ ወረቀት መያያዙ ነው። በምን ርቀት፣ በስንት ጥይት፣ በምን ዓይነት ጠመንጃ ላይ ታስሮ እንደተፈተሸ ወረቀቱ አይናገርም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ነፋስ በሌለበት፣ የማሰሪያውን ብሎኖች የማጥበቂያ ኃይል በሚለካ ቁልፍ አጥብቄ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ፣ በተኩስ መለማመጃ ሜዳ በ100 ሜትር ርቀት ራሴ ፈተሽሁት። ማስተካከያው በአንድ ክሊክ (ሲጠመዘዝ ቀጭ በሚልበት አንድ እርምጃ) ሩብ ኤም.ኦ.ኤ. (ኤም.ኦ.ኤ. የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ነው) እንደሚያንቀሳቅስ ጽፋችኋል፤ ይህም በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው። 40 ክሊክ ወደ ላይ ስጠመዝዝ ምቱ 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት ሲገባው የወጣው 19 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እነዚያኑ 40 ክሊኮች መልሼ ስጠመዝዝ ደግሞ ወደ መነሻው በመመለስ ፈንታ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ሸሽቶ አረፈ። ከዚያ በኋላ ማስተካከያውን ሳልነካ አምስት ጥይት ተኮስሁ፤ እያንዳንዱ ከቀዳሚው ዝቅ እያለ ወረደ። በዚያው ጠመንጃ ላይ የጓደኛዬን ቴሌስኮፕ አስሬ በዚያው ዓይነት ጥይት ስሞክር አምስቱም በ4 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ገቡ። እንግዲህ ጥፋቱን በጠመንጃው ወይም በእኔ ትከሻ ላይ ማላከክ የሚቻል አይመስለኝም።

ሰኞ ደወልሁ። 25 ደቂቃ ሙዚቃ ካስደመጣችሁኝ በኋላ ያገኘኋቸው ሌላ ሠራተኛ ውጤቱን ዘርዝሬ ሳልጨርስ አቋርጠውኝ «ጌታዬ፣ በዚህ ዋጋ ምን ጠብቀው ነበር?» አሉኝ። የምመልሰው ጠፍቶኝ ዝም አልሁ። ዝምታዬን እንደ መስማማት ቆጥረውት ይሆናል፣ «ትልቁን ሞዴል ቢወስዱ ኖሮ ይህ አይገጥምዎትም ነበር» ሲሉ አከሉበት።

በስልክ መልስ ያጣሁለትን ጥያቄ እዚህ ልመልስ። ከውድ ቴሌስኮፕ ጋር እኩል የሆነ ጥራት አልጠበቅሁም። ምስሉ ጠርዝ ላይ እንደሚደበዝዝ፣ በፀሐይ ፊት በቅርንጫፎች ዳር ሐምራዊ ቀለም እንደሚታይ አውቄ ገዛሁ። እንዲያውም ሻጫችሁ በተቀራራቢ ዋጋ ከ4 እስከ 16 እጥፍ የሚያጎላውን፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንሱን «ትልቁን ሞዴል» እንድወስድ ሲወተውቱኝ እምቢ ያልሁት በዚሁ ምክንያት ነው። በ16 እጥፍ ሲያጎላ፣ 50ን ለ16 ስናካፍል፣ ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል፤ ምሽት ላይ የዓይን ብሌን ከዚያ በላይ ስለሚሰፋ ምስሉ ይጨልማል። የእኔ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ6 እጥፍ ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ ለአደን ይህ ይበቃኛል። አነስተኛ በጀት ያለው ሰው ማጉላትን ቀንሶ ጥንካሬን ቢመርጥ ይሻለዋል ብዬ ነው የመረጥሁት። ሌላውን ሁሉ ትቼ አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፤ ዛሬ ያስተካከልሁት ዒላማ ነገም እዚያው እንዲገኝ። ምስሉ ቢደበዝዝብኝ ቃታውን ሳልስብ እንስሳውን አሳልፈዋለሁ፤ ዒላማው ሳላውቅ ቢሸሽብኝ ግን ልቡን ያልሁት ጥይት ሆዱን መትቶ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል። በዚህ ቴሌስኮፕ እስካሁን አደን ያልወጣሁት ስለዚህ ነው። በዚያ ላይ «ዜሮውን አይለቅም»፣ ማለትም የተስተካከለበትን ዒላማ አይስትም፣ የሚለውን በካርቶኑ ላይ በትልልቅ ፊደል ያተማችሁት እናንተ ናችሁ፤ ከጎኑ «በዚህ ዋጋ ግን አይጠበቅም» የሚል አላነበብሁም።

ነገሩን ላለማባባስ ስል ዝም ብያቸው የነበሩ ጉዳዮችም አሉ። የቴሌስኮፑ ቱቦ 25.4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ አብሮ የመጣው ማሰሪያ የ30 ሚሊ ሜትር ስለነበረ ሌላ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። ከሁለቱ የሌንስ ክዳኖች አንዱ አልነበረም። ማስታወቂያችሁ ሁሉም የሌንስ ገጾች የብርሃን ነጸብራቅን በሚቀንስ ሽፋን በበርካታ ንብርብር እንደተቀቡ ሲናገር መመሪያው «የተቀቡ ሌንሶች» ብሎ ያልፋል፤ ካልተቀባ ከእያንዳንዱ የመስታወት ገጽ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ተንጸባርቆ ስለሚጠፋ ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ የጠየቅሁት ጥገና፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ደግሞ ምትክ ነበር። አሁን ሁለቱንም አልፈልግም። የከፈልሁት ገንዘብ በሙሉ፣ የሁለት ጊዜ የመላኪያ ወጪና የማሰሪያው ዋጋ ተጨምሮ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። «ተፈትሿል» የሚለውን ወረቀት የፈረመው ባለሙያ ፍተሻውን እንዴት እንዳካሄደ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝም እፈልጋለሁ። በስልክ ስለተነገረኝ ቃል ይቅርታ መጠየቅ ወይም አለመጠየቅ የእናንተ ፈንታ ነው፤ ሆኖም ጥሪዎች እንደሚቀዱ የምትነግሩን እናንተው ስለሆናችሁ ቅጂውን አድምጡት። በተባለው ጊዜ መልስ ካላገኘሁ ማስታወሻዬን፣ የዒላማ ወረቀቶቹንና ፎቶግራፎቹን ይዤ የሸማቾችን አቤቱታ ለሚመለከት አካል አቀርባለሁ።

ቴሌስኮፑ በላካችሁልኝ አዲስ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። የመላኪያውን ወጪ ከፍላችሁ ስታስወስዱት፣ ነጯ ነጥብ በከፍታ ማስተካከያው ክዳን ሥር ስላለች ለማረጋገጥ አትቸገሩም።

ከሰላምታ ጋር
የትዕዛዙ ባለቤት

አባሪ፦ የዒላማ ወረቀቶች፣ የደረሰኝ ቅጂ፣ የመለያ ቁጥሩ ፎቶግራፍ