የጤና ክበብ፦ ዘንድሮ መዥገር ላይ ከረምን

ክበባችን በየዓመቱ አንድ በሽታ መርጦ ያጠናል። የወባ ፖስተር ተሠርቶ ተሠርቶ ስለሰለቸ ልጆቹ ዘንድሮ አዲስ ነገር ፈለጉ። መነሻ የሆነን የአንድ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው፦ «ቲቸር፣ ከላም ላይ መዥገር ነቅሎ በጥፍር መጨፍለቅ ችግር አለው?» ብዙዎቹ ከጅማ ዙሪያ፣ ከብት ካለበት ቤት የሚመጡ ናቸው። ጨፍልቆ የማያውቅ አልተገኘም።

በዚህ ሰበብ ክሪሚያ-ኮንጎ የሚባለውን ደም የሚያፈስ ትኩሳት ለማጥናት መረጥን። እ.ኤ.አ. በ1944 ክሪሚያ ውስጥ በሶቪየት ወታደሮች ላይ ታየ። በ1956 ኮንጎ ውስጥ ከታመመ ሰው የተገኘው ቫይረስ ያው መሆኑ ኋላ ሲታወቅ ስሙ ተጣመረ። ዋናው አስተላላፊ ሃያሎማ የተባለው መዥገር ነው።

ልጆቹን ያስደነገጣቸው ግን ከብቱ አለመታመሙ ነው። ላም፣ በግና ፍየል ቫይረሱን ለሳምንት ያህል በደማቸው ይዘው ደህና ሆነው ይግጣሉ። ሰው የሚያዘው በመዥገር ንክሻ፣ ወይም መዥገር ሲጨፈልቅ፣ ወይም በእርድ ጊዜ ደም ሲነካ ነው። ስለዚህ በሬው ጤነኛ መምሰሉ ለአራጁ ዋስትና አይሆነውም። ከታማሚ ሰው ደምም ይተላለፋል፤ ሐኪም ቤት ውስጥ ጓንት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከንክሻ በኋላ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን፣ ከደም ንክኪ በኋላ ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ቆይቶ ድንገት ይጀምራል። ትኩሳት፣ የጀርባና የአንገት ሕመም፣ ብርሃን መጥላት ይመጣል። ሲብስ ቆዳ ላይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ድድና አፍንጫ ይደማል። በወረርሽኝ ጊዜ ከታመሙት ከ10 እስከ 40 በመቶው ይሞታሉ። በሰፊው የሚሰጥ ክትባት የለም። (ይህን ስናወራ ሁለት የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ተበልቶብኛል፤ አልቆጨኝም።)

ፖስተሩ ላይ ተጨቃጨቅን። ግማሾቹ ደም የሚያለቅስ ፊት ይሣል አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። ሃያሎማ ይበልጥ የሚስማማው ደረቅና ሞቃት አገር ነው፤ በእኛ አካባቢ ከብት ላይ የሚበዛው አምብሊዮማ የሚባለው ሌላ ወገን ነው። ሰፈሩን ማሸበር ምን ይጠቅማል? በመጨረሻ የተሣለው ወረንጦ፣ ጓንትና ሳሙና ነው፦ ከሥሩ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ንቀል፣ አትጨፍልቅ፣ ታጠብ።

ለመስከረም ጓንት የሚለግስ ወላጅ ካለ፣ ክበቡ በደስታ ይቀበላል።