ለደንበኞቻችን፦ የናፍጣ ግፊት ጌጅ ሲወርድ ፖምፓ ከመግዛታችሁ በፊት

ለተከበራችሁ የከባድ መኪና ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች፣

ጉዳዩ፦ የናፍጣ ግፊት ጌጅ የተሳሳተ ንባብ ሲሰጥ ስለሚደረግ ፍተሻ

ጌጅ (የናፍጣውን ግፊት በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ካስገጠማችሁ ደንበኞቻችን ብዙዎቻችሁ «መርፌው ዜሮ ላይ ወርዷል፤ ፖምፓው ሞተ ማለት ነው?» ብላችሁ ከመንገድ ትደውሉልናላችሁ። በስልክ የምንሰጠው መልስ ጥድፊያ የበዛበት በመሆኑ ነገሩን በጽሑፍ ማስረዳት የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

በቅድሚያ የሚጠየቀው ሞተሩ ነው። ግፊቱ በእርግጥ የወደቀ ከሆነ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ አቀበት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ወይም ጠፍቶ ለመነሣት ያስቸግራል። ሙሉ ጭነት ይዞ አቀበቱን ያለ ችግር የወጣ መኪና ጌጁ ዜሮ ቢያሳይ፣ የሚጠረጠረው ጌጁ ወይም ሴንሰሩ (መስመሩ ላይ ታስሮ ግፊቱን ለጌጁ በሽቦ የሚያስተላልፈው ዕቃ) ነው።

ዳሽቦርድ ላይ ያለው ጌጅ የሚያነበው ናፍጣውን ሳይሆን የሴንሰሩን ሬዚስታንስ፣ ማለትም በኦም የሚለካውን ኤሌክትሪክ የመቋቋም መጠን ነው። በብዛት የሚገኙት ሴንሰሮች ሁለት ዓይነት ሲሆኑ፣ የአውሮፓው ዜሮ ግፊት ላይ 10 ኦም ገደማ፣ መጨረሻው ላይ 180 ኦም ገደማ ይሰጣል፤ የአሜሪካው ግን ከ240 ኦም ተነሥቶ ግፊት ሲጨምር ወደ 33 ኦም ይወርዳል። ስለዚህ የሚታሰርበት ጥርስ (ጠመዝማዛው) ስለገጠመ ብቻ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የተገዛ ሴንሰር ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መርፌውን ላይ ሰቅሎ፣ ሞተሩ ሲነሣ ቁልቁል ሊያወርደው ይችላል። በአውሮፓው ዓይነት ሽቦው ከተበጠሰ መርፌው ወደ መጨረሻው ይወጣል፣ ተልጦ ሻንሲ ከነካ ደግሞ ዜሮ ላይ ይተኛል፤ በአሜሪካው የተገላቢጦሽ ነው። የመኪናውን ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ፣ ሽቦውን ከሴንሰሩ ነቅላችሁ ንጹሕ የሞተር ብረት ለአፍታ ብታስነኩትና መርፌው ከዳር እስከ ዳር ቢሄድ፣ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው። ይህ ግን ለባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ብቻ ነው፤ ባለ ሦስት ሽቦውን እንዲህ አትሞክሩት።

ባለ አንድ ሽቦው ሴንሰር ማሳ (ከሞተሩ ብረት ጋር ያለውን የኤሌክትሪክ መመለሻ) የሚያገኘው በራሱ ጥርስ በኩል ነው። ናፍጣ እንዳያንጠባጥብ ተብሎ ቴፍሎን ከተደራረበበት ማሳው ይላላል፣ መርፌውም መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ይዘላል። የባሰው ግን የተበጣጠሰው ቴፍሎን ከፊልተሩ በኋላ ባለው መስመር ከገባ የሚያስቀረው ነገር ስለሌለ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ወደሚረጨው ኢንጀክተር መጓዙ ነው። በእኛ አስተያየት ቴፍሎን የቧንቧ ሠራተኛ ዕቃ እንጂ የናፍጣ መስመር ዕቃ አይደለም።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ናፍጣው መስመር ላይ በቀጥታ የሚታሰር ሜካኒካል ጌጅ ነው። እዚህ ላይ የጂቡቲ መስመር ደንበኞቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከጂቡቲ ወደብ በ0.2 ባር ገደማ ያንሳል። ግሊሰሪን የተሞላው የታሸገ ጌጅ ወደቡ ላይ የጎማ መክደኛው ተከፍቶ ከተዘጋ፣ እዚህ ሲደርስ በዚያው መጠን አሳንሶ ያነባል፤ እዚህ የተዘጋው ደግሞ እዚያ አብዝቶ ያነባል። ለጎማ ነፋስ ቢሆን ይህ ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም፤ ግፊቱ አንድና ሁለት ባር ለሆነ መስመር ግን ጤነኛውን ፖምፓ ደካማ ሊያስመስል ስለሚችል፣ ከመለካቱ በፊት መክደኛውን ባላችሁበት ቦታ ከፍቶ መዝጋት ያስፈልጋል። የሜካኒካሉን ጌጅ ቱቦ ወደ ጋቢና ማስገባት ለእሳት አደጋ ስለሚያጋልጥ አንሠራውም።

ግፊቱ በእርግጥ ዝቅ ብሎ ከተገኘም ፊልተሩ ይቀድማል። ሴንሰሩ ከፊልተሩ በኋላ ከሆነ ፊልተር ሲደፈን መርፌው በተለይ ጭነት ላይ ይወርዳል፤ በፖምፓውና በፊልተሩ መካከል ከሆነ ግን ይወጣል። መርፌው ከተንቀጠቀጠ ከታንኩ እስከ ሳቢው ፖምፓ ያለው ቱቦ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ በኩል ያለ ስንጥቅ ሞተሩ እየሠራ ናፍጣ ሳያፈስ አየር ስለሚያስገባ በዓይን አይገኝም፣ ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ ለጊዜው ታስሮ አረፋው ይታያል።

ኮመን ሬይል ሞተር (ኢንጀክተሮቹ ሁሉ ከአንድ የጋራ የከፍተኛ ግፊት ቧንቧ ናፍጣ የሚያገኙበት) ላይ ከትልቁ የከፍተኛ ግፊት ፖምፓ በኋላ ያለው መስመር ከ1,000 ባር በላይ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሞተሩ እየሠራ ማንም የመፍቻ ቁልፍ እንዳያሳርፍበት አደራ እንላለን፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ወደ ጋራዣችን ስትመጡ የተነቀለውን ሴንሰር ይዛችሁ ኑ፤ ኦሙን ለክተን ዓይነቱን የምንለየው ከእርሱ ነው። አዲስ ፖምፓ ገዝታችሁ ብትመጡም አሮጌውን በሜካኒካል ጌጅ ሳንለካ አንፈታውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋራዡ የናፍጣ ክፍል