የጥር ገብስ ለነሐሴ፦ በመንዝ ለሚቋቋም የእድሮች የእህል ጎተራ የድጋፍ ጥሪ

በመሐል ሜዳ ዙሪያ የምንገኝ ሦስት እድሮች የጋራ የእህል ጎተራ ልናቋቁም ተነስተናል። የሚያስፈልገን 80 ኩንታል ገብስ፣ 16 ኩንታል ባቄላ፣ አየር የማያስገባ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 200፣ አንድ ባለ 200 ኪሎ ሚዛንና ለርብራብ የሚሆን እንጨት ነው። ልመናው አሁን፣ አውድማው ሳይጠረግ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

በእኛ አገር የቸገረው ሰው የሚታየው ነሐሴ ላይ ነው። የሰው ልብ የሚራራውም፣ ከአዲስ አበባ ገንዘብ የሚላከውም ያኔ ነው። ነገር ግን ነሐሴ እህል በዓመቱ ውስጥ እጅግ የሚወደድበት ወር ነው፤ ያንኑ ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው በጥር ሊሸምተው ይችል የነበረውን ያህል አያገኝም። መንገዱም ጭቃ ነው። በጥር ግን ገበሬው ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለልጅ ትምህርትና ለልብስ ሲል እህሉን ያወጣል፤ ዋጋው ይወርዳል። ጎተራው የሚሠራው በዚህ ክፍተት ነው፦ በጥር ገዝቶ በክረምት ማውጣት።

በልግ የያዘለት ዓመት ሐምሌ ላይ የበልግ ገብስ ይደርስና ቤቱ ይተነፍሳል። በልግ የቀረ እንደሆነ ግን ከኅዳር እስከ ኅዳር ያለችው የመኸር እህል ብቻ ናት፤ እሷንም ውርጭ ከመታት ነገሩ ይከፋል። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. የጀመረው ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ድጋፍ ብዙ ሰው ደግፏል። የጉልበት ሥራ ለሚሠሩት ግን ክፍያው ብዙ ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ለስድስት ወር ነው፤ ክረምቱ ሲከብድ ያልቃል።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ አይታሰብም፤ በጉ። የመንዝ ድሃ ባንኩ በጉ ነው። እህል ያለቀበት ቤት በፍልሰታ ጾም በጉን ጎትቶ ገበያ ይወጣል። ያኔ ደግሞ ሥጋ የሚበላ የለም፤ ነጋዴው የፈለገውን ዋጋ ይጠራል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቢታገሥ የዘመን መለወጫ ገበያ ይደርስለት ነበር። ከበጉ የባሰው ደግሞ የዘር ገብስ መብላትና ማሳ ላይ ያለውን እህል ሳይታጨድ በርካሽ መሸጥ ነው፤ የሁለቱም ዳፋ ለቀጣዩ ዓመት ይተርፋል። አንድ ኩንታል ገብስ በወቅቱ ቢደርስ በጉም ዘሩም ይተርፋሉ።

ስሌታችን ይህ ነው። በሴፍቲኔት የሚታወቀው ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 75 ኪሎ በወር ይፈልጋል፤ ስለዚህ 100 ኪሎ ገብስ 40 ቀን ያህል ያቆያል። ከሐምሌ 25 ጀምረን ብናወጣ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ይዘልቃል። ለእያንዳንዱ ቤት 20 ኪሎ ባቄላ ለሽሮ ጨምረን ለ80 ቤት አስበናል። ከመስቀል ወዲህ ደግሞ ቀድሞ የተዘራው ገብስ እሸት መቀመስ ይጀምራል።

ከ80ው ውስጥ 20ው አቅም የሌላቸው አረጋውያን፣ የታመሙና ጧሪ የሌላቸው ናቸው፤ ለእነሱ ያለ ምላሽ ይሰጣል። 60ው ተበዳሪዎች ናቸው። በጥር 105 ኪሎ ገብስ ይመልሳሉ፤ አምስቷ ኪሎ ለነቀዝ፣ ለአይጥና ለሚዛን ጉድለት ማካካሻ ነች፣ ባቄላው ግን አይመለስም። ሁሉም ቢመልስ 63 ኩንታል ይገባል፤ 17 ይጎድላል። ከዚህ በኋላ በየዓመቱ የምንለምነው ይህን 17 ኩንታል ገብስና 16ቱን ኩንታል ባቄላ ነው፤ አንድ ጊዜ ሰጥታችሁ ያበቃል ብለን አናታልላችሁም።

የእህል ባንክ የሚባለው ነገር በየቦታው ተሞክሮ ብዙው ፈርሷል። የሚፈርስበት መንገድም የታወቀ ነው። ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ይገባል፤ ወይም የእድር ዳኛው ዘመድ ቀድሞ ይወስዳል፤ ወይም በመጀመሪያው መጥፎ ዓመት «ይማርልን» ይባልና ከዚያ ወዲህ ማንም አይመልስም። ስለዚህ በሩ በሦስት ቁልፍ ይዘጋል፣ ከየእድሩ አንድ ቁልፍ ያዥ ይኖራል። የተቀባዮች ስም ዝርዝር በእድር ስብሰባ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሰብሉ የተመታበት ቤት ብድሩ ወደ ሚቀጥለው ጥር ይተላለፋል እንጂ አይሰረዝም። ጓሳ የሚባለውን የጋራ የሣር መሬት ዘግቶ በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ ሲከፍት ለኖረ አገር ይህ እንግዳ ደንብ አይደለም፤ ቀሮ የሚባለው ያ የቀድሞ ሥርዓትም ጸንቶ የኖረው በተዘጋበት ጊዜ ባለመብቱ ሁሉ ስለተከለከለ ነው።

ዋናው ሥራ ማከማቸቱ ነው። እርጥብ እህል ከረጢት ውስጥ ከገባ ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ በማበጠርና በማጠብ የማይለቅ መርዝ ይተዋል። በጥርስ ሲነከስ «ቀጭ» የማይል ገብስ አንቀበልም። የምንጠራጠረውን በጨው እንፈትናለን፦ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና የደረቀ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ፣ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ያ እህል ሸራ ላይ ፀሐይ ይመታል፣ ከዚያም ጥላ ውስጥ ይቀዘቅዛል። ትኩስ እህል ማሰር ራሱ እርጥበት ያመጣል።

ከረጢቱ ሁለት የላስቲክ ሽፋን ከውስጥ፣ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ከውጭ አለው። ጥቅሙ ነቀዙ አየር አጥቶ እንዲሞት ማድረግ ነው፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። ላስቲኩ ከመሞላቱ በፊት በአየር ተነፍቶ ይጨመቃል፤ ቀዳዳ ካለው ይታወቃል። እህሉ ሹል ገለባ እንዳይቀርበት ይበጠራል፣ ሦስቱም ሽፋኖች አየሩ ወጥቶ ለየብቻ ተጠምዝዘው ይታሰራሉ። በየሳምንቱ እየፈታ የሚያይ ሰው ጥቅሙን ሁሉ ያጠፋዋል። ከረጢቶቹ የሚቀመጡት ድንኳንና ድስት በምናስቀምጥበት የእድር ዕቃ ቤት ነው፤ ከመሬት በርብራብ ከፍ ብለው፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ርቀው። ርቀቱ ለአይጥ ነው፤ ላስቲክ በአይጥ ጥርስ ፊት ከንቱ ነው። የነቀዝ ክኒን በሰው መኖሪያ አካባቢ አንጠቀምም፤ ጋዙ ነቀዙን ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ የሚያድረውንም ሰው ይገድላል።

የማንቀበለውን በግልጽ እንናገር። ዱቄት አይቆይም። ቀለም የተቀባ የዘር እህል መርዝ አለበት፣ ታጥቦም ቢሆን አይበላም። ጓያ በቅናሽ ይገኛል ብላችሁ እንዳትልኩ፤ ድርቅን ስለሚችል በክፉ ቀን ሰው ወደ እሱ ይሮጣል፣ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል። አሮጌ ልብስም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አቅሙ ያላችሁ የአካባቢው ገበሬዎች ከ5 ኪሎ ጀምሮ በእድራችሁ በኩል በዓይነት ስጡ፤ ከፊታችሁ ተመዝኖ ደረሰኝ ይቆረጣል። በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን ያላችሁ ተወላጆች በገንዘብ ብትሰጡ ይመረጣል፤ እህል ከዚያ መጫን ለጭነት መክፈል ብቻ ነው። ከረጢቱን ግን ከዚያ ገዝታችሁ ብትልኩ ይጠቅመናል። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስቱ እድሮች ፊርማ ነው፤ ቁጥሩን የምታገኙት ከእድር ዳኛችሁ ወይም ከጸሐፊው በአካል ነው፣ በስልክ መልእክት የሚመጣላችሁን ቁጥር አትመኑ። የገባውና የወጣው በየወሩ በሦስቱም እድሮች ስብሰባ ይነበባል፤ ለሩቆቹም ግልባጩ ይላካል።

ርክክቡ እስከ ጥር 30 በየገበያው ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ይካሄዳል። አህያ የሌለው ሰው ለእድሩ ለፋፊ ይንገር፤ ከቤቱ የሚያነሱ ጎልማሶች ተመድበዋል።