ልጆቹ የተጫወቱትን ደቂቃ ቁጠሩልን፦ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሰፈር ውስጥ የታዳጊ ፕሮጀክት የማሠለጥን ሰው ነኝ። ስለ ማልያና ስለ ሜዳ እጥረት ብዙ ጊዜ ጽፈንላችኋል። ዛሬ የምጽፈው በእጄ ስላደገ አንድ ልጅ ነው።

ልጁ ከፕሮጀክታችን ተመልምሎ አካዳሚ ገባ። ሲጨርስ አንድ ክለብ አስፈረመው። ሰፈሩ በደስታ ሰከረ። አንድ ቀን ጨዋታውን ለማየት ስቴዲየም ሄድኩ። ከእረፍት ጀምሮ መስመር ዳር ያሟሙቃል። ይጠሩኛል ብሎ ወደ አሰልጣኙ ያያል። ተመልሶ ይቀመጣል፤ የታኬታውን ክር ፈትቶ እንደገና ያስራል። 88ኛው ደቂቃ ላይ ገባ። የመጀመሪያዋን ኳስ ተነጠቀ። ጎል አልተቆጠረም፤ ቡድኑም አልተሸነፈም። በሳምንቱ ግን ከተጠባባቂዎቹም ዝርዝር ወጣ። ዓመቱ በዚያው አለቀ። ክረምት ላይ ሲመጣ "ኮች፣ አሁን ኳስ ሲመጣልኝ ልቤ ይመታል" አለኝ። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ነው የማውቀው። ኳስ ፈርቶ አያውቅም ነበር።

አሰልጣኙን አልወቅስም። አግኝቼ አነጋግሬዋለሁ። "ልጁ ይችላል፤ አይቼዋለሁ። ግን ሁለት ጨዋታ ከተሸነፍኩ ሦስተኛውን የሚያሠለጥነው ሌላ ሰው ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ አገር ውድድሩ ሳያጋምስ አሰልጣኝ ማሰናበት ብርቅ አይደለም። የራሱ ወንበር የሚነቃነቅበት ሰው እንዴት አድርጎ ልጅ ያምናል?

ባርሴሎናን ሁላችንም እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2008 አሰልጣኙ ጋርዲዮላ ዋናውን ቡድን ሲረከብ የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ በኑማንሲያ ክለብ 1 ለ 0 ተሸነፈ። በሁለተኛው ጨዋታ ልምድ ያላቸውን ብቻ ደርድሮ አልገባም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በአራተኛ ዲቪዚዮን፣ በክለቡ ሁለተኛ ቡድን (ቢ ቡድን) ራሱ ያሠለጠነውን ወጣት ሰርጂዮ ቡስኬትስን አሰለፈ። ያም ጨዋታ 1 ለ 1 አለቀ። ከሁለት ጨዋታ አንድ ነጥብ ማለት ነው። ጋርዲዮላ ግን ልጁን ማሰለፍ አልተወም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡስኬትስ የዓለም ዋንጫ አነሳ። የባርሴሎና አካዳሚ ላ ማሲያ ያስተማረው ትምህርት ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ቡስኬትስ ያቺን ሁለተኛ ሳምንት የተሻገረው በአሰልጣኙ እምነት ነው። የአሰልጣኙንም ወንበር ክለቡ ጠብቆለታል።

ከቤታችንም አቡበከር ናስር አለ። በ2013 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል ሲያገባ ሁላችንም አጨበጨብን። ከዚያም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ያ 29 ጎል ግን በአንድ ጀምበር አልመጣም። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ ዋናው ቡድን ውስጥ እየገባ፣ እየሳተ፣ ደግሞ እየተሰለፈ ነው የበሰለው። ጎል የሳተ ዕለት አውጥተውት ቢቀሩ ኖሮ የቱን አቡበከር እናጨበጭብለት ነበር?

እናንተን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ስንት ሠልጣኝ እንዳስመረቃችሁ ትነግሩናላችሁ። ከእነሱ ውስጥ ስንቱ በዋና ቡድን ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ግን አንሰማም። እባካችሁ እሱን ቁጠሩልን። በየጨዋታው ማን ስንት ደቂቃ እንደተሰለፈ ይመዘገባል፤ የሚቀረው አንድ ላይ አድርጎ ለሕዝብ ማውጣት ነው።

ደንብ ይውጣ የሚሉም አሉ። ፖላንድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሊጓ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አንድ አገር በቀል ወጣት ሜዳ ላይ እንዲኖረው አስገድዳ ነበር። ሐሳቡን አልጠላውም። ግን ደንብ ብቻውን ልጅ ያሰልፋል እንጂ እምነት አይሰጥም። አሰልጣኙ ለደንቡ ብሎ ያስገባዋል፤ ደንቡ ሲሟላ ያስወጣዋል። ልጁም ለምን እንደገባ ያውቃል። ልጆች ይሄ አይጠፋቸውም።

ስለዚህ ከአሰልጣኙ ጀምሩ። ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። የሕዝብ ገንዘብ ነው። በጀቱ ሲፈቀድ ክለቡ አሰልጣኙን ቢያንስ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ሊያቆየው ይስማማ። አሰልጣኙም ከአካዳሚና ከተስፋ ቡድን ለመጡ ልጆች የሚሰጠውን ደቂቃ አስቀድሞ ይፈርም። ሲገመገም በነጥብ ብቻ ሳይሆን በዚያም ይገምገም። የተስፋ ቡድኑ አሰልጣኝም ከዋናው ቡድን አሰልጣኝ ጋር በየሳምንቱ ይቀመጥ። ጋርዲዮላ ቡስኬትስን ያመነው ስለሚያውቀው ነው። እኛ ጋ ግን አንዳንዱ ዋና አሰልጣኝ የልጁን ስም የሚሰማው ማልያ ሲታደል ነው።

ያ ልጅ አሁን ያለ ክለብ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከእኔ ታዳጊዎች ጋር ይሠራል፤ ኮኑን የሚደረድርልኝም እሱ ነው። የዝውውር ጊዜው ሳይዘጋ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታዳጊዎች ፕሮጀክት አሰልጣኝ
አዲስ አበባ