አንድ ወረቀት አለኝ፤ አብረን እናንብበው
ግልጽ ደብዳቤ ለምርጫ ክልላችን የሕዝብ እንደራሴ

ወሎ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም

የተከበሩ የሕዝብ እንደራሴ፣

እንዴት ከረሙ? እኛ አልሃምዱሊላህም፣ እግዚአብሔር ይመስገንም እያልን አለን።

ስምዎን አልጽፍም። የምርጫ ክልሉንም አልጠቅስም። ነገሩ የእርስዎ ብቻ አይደለምና። ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ፣ ከደሴ እስከ ወልድያ ይህን ደብዳቤ አንብቦ "እኔን ነው እንዴ?" የሚል እንደራሴ አይጠፋም። ይበል።

እኔን አያስታውሱኝም ይሆናል። ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። በ2013 ግንቦት ላይ የቅስቀሳ ወረቀትዎን ያባዛሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ፍላሽ ይዘው መጡ። 600 ቅጂ አሉኝ። በቅጂ 1 ብር፣ 600 ብር ከፈሉኝ። ማሽኑ ሲያባዛ እኔ ቆሜ አነበብኩት። የሙያ ልማድ ሆኖብኝ የሰው ክስ፣ የሰው ውል፣ የሰው ሰርተፍኬት ሳላነብ አላልፍም። (ይቅር ይበለኝ፤ ሰፈሩ ውስጥ ማን ማንን እንደከሰሰ ከፍርድ ቤቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ።) ወረቀቱ ላይ ከላይ የፓርቲዎ ምልክት አለ፣ አምፖል። ከሥሩ 9 ነጥቦች ተደርድረዋል። አንድ ቅጂ ለራሴ አስቀረሁ።

በሳምንቱ ሜዳው ላይ ንግግር አደረጉ። ንግግሩን የከፈቱት "አብሽሩ!" (አይዟችሁ) ብለው ነው። ሰዉ አጨበጨበ። አጠገቤ የቆሙት ጎረቤታችን፣ የሰፈሩ ቡና አፍይ እማማ፣ "ይሄስ የእኛው ልጅ ነው" አሉ። አብሽር በእኛ አገር ለቀልድ የሚባል ቃል አይደለም። ለታመመ ሰው የሚባል ነው። ሐዘን ቤት ገብቶ፣ እጅ ጨብጦ የሚባል ነው። አብሽር ያለ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ዘወር ብሎ ይጠይቃል። እርስዎ አብሽሩ ብለው ሄዱና የውሃ ሽታ ሆኑ።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ተሰልፈን መረጥን። ውጤቱ ሲነገር ፓርቲዎ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 የምክር ቤት ወንበሮች 410ሩን ወሰደ። መስከረም 24 ቀን 2014 አዲሱ መንግሥት ተመሠረተ። እኛም ወረቀታችንን ይዘን መጠበቅ ጀመርን።

አንድ ወር ሳይሞላው ጦርነቱ ቤታችን ገባ። ጥቅምት 20 ገደማ ደሴ ተያዘች፣ ኮምቦልቻም ተከተለች። እኔ ልጆቼን ይዤ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። ኅዳር 27 ሁለቱ ከተሞች ነፃ ወጡ ሲባል ሰማን፤ ታኅሣሥ ላይ ተመለስኩ። የሱቄ በር ተገንጥሏል። ማሽኑ የለም። ኮምፒዩተሩ የለም። ላሚኔት ማድረጊያዋ እንኳን አልቀረችም። መሬቱ ላይ የጫማ ዱካ ያረፈበት ወረቀት ተበትኗል። ወረቀት የሚሰርቅ ዘራፊ የለም መቼም። ስለቃቅም የእርስዎ አምፖል ብቅ አለ። ጥጉ ተቀዷል እንጂ 9ኙም ነጥቦች ደህና ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት አልቆጥርብዎትም። በዚያ ዓመት ቃል ስለተገባልን መንገድ የጠየቀ ሰው ቢኖር እኔ ራሴ እቆጣው ነበር። ተዘርፎ የነበረው የደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ተመልሶ በሽተኛ መቀበሉም ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ሥራ ነው። እጁ ያለበት ሁሉ ይመስገን። ቅን ልሁን ብዬ ነው የምጽፍልዎት።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን ቀይ እስክርቢቶ ይዤ ወረቀቱ ላይ ተቀመጥኩ። 9ኙን አንድ በአንድ አየሁ። 2ቱ ላይ "ተሠርቷል" ብዬ ጻፍኩ፤ የትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ክፍሎችና ከገበያው በታች ያለው ኮብልስቶን። 3ቱ ላይ "ግማሽ" አልኩ። 4ቱ ባዶ ናቸው። ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ። ደብዳቤው የተጻፈውም ለዚሁ ነው።

ግማሽ ያልኩትን አንዱን ላሳይዎት። ነጥብ 3 "የሰፈሩን የውሃ ችግር በዘላቂነት እንፈታለን" ይላል። "በዘላቂነት" የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ፤ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር የምትመጣ እንግዳ ናት። በ2015 የበጋ ወራት ቁፋሮ ተጀመረ። ደስ አለን። ቧንቧው ተቀበረ። ድንጋዩ ተመልሶ ተደፋበት፤ እስከ ዛሬ ድረስ ባጃጅ እዚያ ጋ ስትደርስ ትዘላለች። ከዚያ ውሃ መጣ! እውነቴን ነው፣ መጣ። እማማ ሦስት ጀሪካን ሞልተው በር ላይ አስቀመጡ፣ ለአላፊ አግዳሚው እንዲታይ። ሁለት ወር ያህል በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣ ነበር። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ሆነ። ከዚያ በ15 ቀን። አሁን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ያንኮራፋል፣ አየር ይተፋል፣ ቡኒ ውሃ ትንሽ ያንጠባጥብና ዝም ይላል። ሮቶ ያለው ያጠራቅማል። የሌለው ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል።

ሄደን ጠየቅን። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም። "ቧንቧው የእኛ ነው፤ ፓምፑ ግን የሌላ ነው" ተባልን። ወደ ሌላው ሄድን። "ፓምፑ አለ፣ መብራት የለም" ተባልን። ወደ መብራት ሄድን። "ትራንስፎርመር ተጠይቋል፤ በጀት የክልል ነው" ተባልን። ሦስት ቢሮ ዞረን በጆንያ ወሬ ይዘን ተመለስን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመንልዎት። የሰፈር ውሃ የፓርላማ አባል ሥራ አይደለም። የከተማ አስተዳደር አለ፣ ክልል አለ፣ የየራሳቸው በጀት አላቸው። የእርስዎ ሥራ ሕግ ማውጣት፣ የፌዴራሉን በጀት መርምሮ ማጽደቅ፣ ሚኒስትር ጠርቶ መጠየቅ ነው። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ሜዳው ላይ ለምን አልነገሩንም? "ውሃው በእኔ እጅ አይደለም፣ እኔ የምችለው መጠየቅ ነው፣ ስጠይቅም ታዩኛላችሁ" ቢሉን እንመርጥዎት ነበር እኮ። ምናልባትም የበለጠ እናምንዎት ነበር። ያልያዙትን ቁልፍ ቃል ገቡልን፤ በሩ ሳይከፈት ሲቀር ደግሞ ቁልፉ የሌላ ሰው ነው ተባልን።

ነጥብ 1 መብራት ነበር። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ አምፖል መርጠን ሻማ ገዛን እያልን ቡና ላይ እንስቃለን። እኔ እንኳን በጄኔሬተር ስለማባዛ በቅጂ 1 ብር ጨምሬያለሁ።

ስለ ዋጋ ካነሳን፣ ነጥብ 6 "የኑሮ ውድነትን እናረጋጋለን" ይላል። የራሴን ሂሳብ ልንገርዎት። ያኔ በ1 ብር ያባዛሁልዎትን ወረቀት ዛሬ ከ5 ብር በታች ባባዛ እከስራለሁ። 600ው ቅጂ 3,000 ብር ነው። የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ወረቀትና ቀለም አምጪው በመጣ ቁጥር ዋጋውን የሚነግረኝ ዓይኔን ሳያይ ነው። ፖሊሲው ለረጅሙ ጊዜ ይጠቅማል የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል፤ እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ግን ሲወሰን የት ነበሩ? ምክር ቤት ተነሥተው "የእኔ መራጭ በደመወዝ ነው የሚኖረው፣ ምን ታስቦለታል?" ብለው ጠይቀው ከሆነ ይንገሩኝ። እኔ ራሴ አባዝቼ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ በነፃ።

ባቡሩን ሳላነሳ ወሎዬ አይደለሁም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መስመር። ለቱርኩ ኩባንያ የተሰጠው በ2004 ነው። የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ያኔ እርስዎም እንደኛ ጠባቂ ነበሩ። ጦርነቱም ጎድቶታል፣ ንብረቱ ተዘርፏል። ግን እርስዎ ያን ቀን "በሚቀጥለው ጊዜ በባቡር ነው የምመጣው" ብለው አሳቁን። ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ጣቢያው ቆሟል፣ ፍየሎች ጥላው ሥር ይተኛሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እርስዎም በባቡር ይቅርና በመኪናም አልመጡም።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። ነጥብ 9፣ የመጨረሻው፣ "ሰላም" ይላል። አንድ ቃል ብቻ። ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራ አልተጻፈም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ምክር ቤቱ ለክረምት ተበትኖ ነበር፤ ለዚሁ ብላችሁ ነሐሴ ላይ ተጠርታችሁ ተሰበሰባችሁ፣ አዋጁም ጸደቀ። በኋላም ተራዘመ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ልጄ የዩኒቨርሲቲ ውጤቷን ለማየት አዲስ አበባ ላለች አክስቷ የመግቢያ ቁጥሯን በስልክ ፊደል በፊደል ስታነብላት ሰምቻለሁ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ሹፌሩ ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት ወደ ሦስት ሰው ይደውላል። ማን ትክክል ነው፣ ማን ተሳሳተ የሚለውን እዚህ አልፈርድም፤ ሱቄም ቤቴም እዚሁ ነው። የምጠይቅዎት ሌላ ነው። አዋጅ ለማጽደቅ ከእረፍት ተጠርታችሁ መምጣት ከቻላችሁ፣ አዋጁ የወደቀበት ሕዝብ ምን እንደሚል ለመስማት ለምን አልመጡም? በእኛ አገር ነገር ሲከር አባጋር፣ አስታራቂ ሽማግሌው፣ ይቀመጣል፣ ዱአ ይደረጋል፣ ሁለቱም ወገን እስኪጨርስ ይደመጣል። ለመደመጥ እንኳን አልበቃንም።

ሕገ መንግሥቱን አንብቤዋለሁ፤ ተማሪዎች ሊያስባዙ ሲያመጡት። አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። አይደንግጡ፣ ፊርማ እያሰባሰብኩ አይደለም። የምክር ቤቱ የሥራ ጊዜ መካከል ላይ የ1 ወር እረፍት እንዳላችሁም አንብቤያለሁ። እረፍት ማለት ወደ መራጭ መሄጃ ነው ሲባል ነው የምሰማው። በ5 ዓመት ውስጥ ስንት እረፍት አለፈ?

የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። አዲስ ቃል አልፈልግም፤ ሰባተኛው ምርጫ ደጅ ላይ ስለሆነ እሱ ሳይጠሩት ይመጣል። አሮጌውን ይዘን አብረን እንቀመጥ። አዳራሽ አያስፈልግም፣ ባነር አያስፈልግም፣ ውሎ አበል የሚከፈለው ተሰብሳቢም አያስፈልግም። ከእማማ ጀበና አጠገብ ይበቃል። 9ኙን እናንብብ። እያንዳንዱ ላይ "ተሠራ፣ አልተሠራም፣ ያልተሠራው በዚህ ምክንያት ነው፣ እኔ ይህን ጠየቅሁ፣ ይህ መልስ ተሰጠኝ" ይበሉን። ጦርነት ነው ካሉ እንቀበላለን፤ እኛም ነበርንበት። አቅም የለኝም ካሉ እንቀበላለን። "ረስቼዋለሁ" ካሉም፣ ይከብዳል እንጂ፣ እንቀበላለን። "ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ሲሉ ላደጉ ሰዎች ግን ዝምታው አይዋጥም።

እማማን "ቢመጣስ ምን ይሉታል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ጀበናውን ከከሰሉ አወረዱና ትንሽ አሰቡ። "መጀመሪያ ቡና ጀባ እለዋለሁ" አሉ። "ከዚያ ጀሪካኑን አስይዤ ቧንቧው ጋ እልከዋለሁ።"

ሱቄን ልጆቹ ያውቁታል። ለአዲሱ ቅስቀሳ ወረቀት ማስባዛት ሲያስፈልግዎት ወደ እኔ ይላኩዋቸው። ዋጋው 5 ብር ነው፣ መብራት ከሌለ 6። የድሮውን ከነቀይ እስክርቢቶው በጀርባው ላይ አባዛለሁ፤ ለእሱ አላስከፍልም።

አክባሪዎ፣
ፎቶ ኮፒ አንሺው