ቢጫውን አምፖል አትጣሉት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ መብራት ቁጠባ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ቢጫውን አምፖል «ቆጣሪ የሚበላ ሌባ» ብላችሁታል። ለሳሎን ከሆነ እስማማለሁ፤ ኤልኢዲ ግዙ። እኛ ሱሉልታ ላይ ጫጩት የምናሳድግ ሰዎች ግን የምንፈልገው ያንኑ «የተሰረቀውን» ሙቀት ነው።

አምፖሉ ውስጥ ያለችው ጥምዝምዝ ክር ተንግስተን ናት። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ወደ 2500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትግላለች፤ ብርሃኑ የዚህ ግለት ውጤት ነው። ብረት ቢሆን ገና ድሮ ቀልጦ ነበር። ተንግስተን ግን እስከ 3400 ድረስ ይችለዋል። አየር ካገኛት ወዲያው ስለምትቃጠል፣ ብርጭቆውን በአርጎንና በናይትሮጅን ይሞሉታል። ታዲያ ከ100 ዋት ውስጥ የሚታይ ብርሃን የሚሆነው ከ5 ዋት ብዙም አይበልጥም። ቀሪው ሙቀት ነው።

የመጀመሪያ ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል። የሱሉልታን ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ! ቴርሞሜትር ባይኖርም ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። አምፖሉ ስር ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፣ ዝቅ አድርጉት። ጥግ ጥጉን ይዘው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፖሉ ቷ ብሎ የሚቃጠለውም ያለ ምክንያት አይደለም። የቀዘቀዘች ክር ለኤሌክትሪክ እምብዛም አትከላከልም፤ ስለዚህ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከወትሮው 10 እጥፍ ገደማ ይገባባታል። ያረጀች ከሆነች ትበጠሳለች።

በሚቀጥለው እትም ስለ እሳት አደጋም ብትጽፉ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው አምፖሉን በገመዱ ብቻ ያንጠለጥለዋል። ከጫጩቶቹ ስር የተነጠፈው ሰጋቱራ ላይ ከወደቀ ቤቱም ይነዳል።

ዶሮ አርቢ፣ ከሱሉልታ